ማስጠንቀቂያው ደረሰን፤ ምን እናድርግበት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የመጡት ሰርቨርና ኔትወርክ ከሚያስተዳድሩ፣ ለተጠቃሚዎች ድጋፍ ከሚሰጡና ፕሮግራም ከሚጽፉ ባለሙያዎች ነው። ሁሉም በየፊናቸው ይሠራሉ፤ የሚገጥማቸው አጥቂ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ ያዩትን የሚነጋገሩበት መንገድ አበጅተዋል። የጠየቁን የሚነጋገሩት ነገር እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ነው።

ጥያቄ፦ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የምንሠራ የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች የጋራ የመልእክት ቡድን አለን። አንድ አባል «እነዚህን አይፒ አድራሻዎች አሁኑኑ ዝጉ» ብሎ ዝርዝር ይልካል፤ እኛም ፋየርዎላችን ላይ እንጨምራለን። በቅርቡ አንዱን ስንዘጋ ሠራተኞቻችን ለሥራ የሚጠቀሙባቸው ብዙ ድረ ገጾች አብረው ተቋረጡ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር እንተወው? ምን ብንለዋወጥ ይሻላል?

መልስ፦ ድረ ገጾቹ የተቋረጡት አንድ አድራሻ ስለሚጋሩ ነው። በጋራ ሆስቲንግ ላይ ወይም ከይዘት አከፋፋይ ኔትወርክ ጀርባ ባለ አንድ አይፒ አድራሻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ሊኖሩ ይችላሉ። አጥቂው የተጠቀመው በአንዱ ነው፤ እናንተ ግን ሰፈሩን በሙሉ ዘጋችሁት። ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ኢንተርኔት መኖሩን ለመፈተን እንደ 8.8.8.8 ያሉ የታወቁ አድራሻዎችን ይነካል። የማልዌሩን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያ ይህንንም «የተገናኘባቸው አድራሻዎች» ከሚለው ሥር ያስቀምጠዋል፤ ሳያጣራ የቀዳ ሰው ደግሞ እንዳለ ለቡድኑ ይልከዋል።

አድራሻ ዕድሜም አለው። ዛሬ አጥቂ የተከራየው የክላውድ ሰርቨር በሚቀጥለው ወር የሌላ ንጹሕ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንመክረው እያንዳንዱ የአይፒ እገዳ ቀን ተጽፎበት ከ30 ቀን በኋላ እንዲነሣ ነው፤ አድራሻው ዳግመኛ ከታየ ዳግመኛ ይታገዳል። ቀን የሌለውን ዝርዝር ላኪውን ሳትጠይቁ አትጫኑት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ይህን ይመስላል፦ «203.0.113.45። መጀመሪያ የታየው ማርች 4 ቀን 02:10 ዩቲሲ፣ መጨረሻ ማርች 6 ቀን 19:45 ዩቲሲ። ከውጭ ወደ ቪፒኤን መግቢያችን፣ ፖርት 443። በ60 የተጠቃሚ ስሞች ላይ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሙከራ። አንዱ ተሳክቷል፤ አካውንቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ያየነው በራሳችን ሎግ ላይ ነው፤ እርግጠኞች ነን።» (አድራሻው ለምሳሌ ተብሎ የተከለለ ስለሆነ ማንንም አይነካም። ዩቲሲ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው፤ ሎግ ደግሞ ሥርዓቱ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ ነው።)

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቶሎ የሚያረጀው አይፒ አድራሻው ነው። ብዙ የሚናገረው «በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሙከራ» የሚለው ነው። አጥቂው አካውንት በአምስተኛው ስሕተት እንደሚቆለፍ ስለሚገምት ከዚያ በታች ይቆያል፤ ጥቂት የተለመዱ የይለፍ ቃላትን ይዞ በብዙ ሰዎች ስም ይዞራል። ይህን የተረዳ ባልደረባ አድራሻው ቢቀየርም ፍለጋውን ሊያካሂድ ይችላል፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ የተለያዩ ስሞች፣ በያንዳንዱ ስም ጥቂት ሙከራ። ዴቪድ ቢያንኮ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን በፒራሚድ ሥሎ አሳይቶታል። ከታች ያለው የፋይል ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ) ነው፤ አጥቂው ምንም ሳይደክም ይቀይረዋል። አይፒ አድራሻና ዶሜይን ከዚያ በላይ ይመጣሉ። ጫፍ ላይ ያለው የአሠራር ልማዱ ነው፤ እሱን መቀየር ሥራውን እንደ አዲስ መማር ስለሆነ ያስቸግረዋል። በቡድናችሁ የሚዘዋወረው መልእክት ወደ ጫፉ በቀረበ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። «ዝጉ» ከሚለው በፊት «ፈልጉ» ይቅደም። እገዳ የሚከለክለው ከአሁን በኋላ የሚመጣውን ነው፤ ጥቃቱ ከደረሰባችሁ ግን የደረሰው ማስጠንቀቂያው ሳይላክ በፊት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲደርስ ቢያንስ ያለፉትን 90 ቀናት የፋየርዎል፣ የቪፒኤንና የዲኤንኤስ (የድር ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) ሎግ በእሱ ፈትሹ። ውጤቱንም ለቡድኑ መልሱ፤ «ፈልገን አላገኘንም» የሚለው መልስ ራሱ ለላኪው መረጃ ነው። ያን ያህል የቆየ ሎግ ከሌላችሁ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ባልደረባችን ባካፈለን መመሪያ መሠረት የዊንዶውስ ሰርቨራችን ላይ በሪሞት ዴስክቶፕ የተሞከሩ ያልተሳኩ መግቢያዎችን ፈለግን። ክስተት ቁጥር 4625፣ የመግቢያ ዓይነት 10 ብለን ስናጣራ ምንም አልመጣም። ጥቃት የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መመሪያው የተጻፈው በኔትወርክ ደረጃ የሚደረገው ማረጋገጫ (ኤንኤልኤ) ለጠፋበት ሰርቨር ነው። ኤንኤልኤ ሲበራ የይለፍ ቃሉ የሚፈተሸው የዴስክቶፕ ክፍለ ጊዜ ከመከፈቱ በፊት ስለሆነ ያልተሳካው ሙከራ በዓይነት 3 ይመዘገባል። 4625ን በዓይነት 3 ያጣሩ። ነገር ግን የፋይል ማጋሪያ ሙከራም በዚሁ ዓይነት ስለሚገባ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ «አርዲፒ ኮር ቲኤስ» በሚባለው የሎግ ክፍል ያለው ክስተት 131 ይረዳል፤ አዲስ ግንኙነት ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ ይጽፋል። ሰዓቶቹን ያመሳክሩ።

የሴኪዩሪቲ ሎጉንም መጠን ይመልከቱ። በተለመደው ቅንብር 20 ሜጋባይት ነው፤ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበት ፖርት 3389 ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ በሙከራ ብዛት ሞልቶ የቆየው መዝገብ በአጭር ጊዜ ሊሰረዝ ይችላል። መመሪያውን ለጻፈው ባልደረባዎም ይህን ይንገሩት። ስሕተቱ የእውቀት ማነስ አይመስለንም። የተፈተነበትን የዊንዶውስ ስሪትና ቅንብር በመጀመሪያው መስመር ቢጽፍ ኖሮ እርስዎ ባዶውን ውጤት «ደህና ነን» ብለው ለማንበብ ባልተቃረቡ ነበር።

ጥያቄ፦ ያልገባኝን ነገር ለባልደረቦቼ ለማሳየት ሎግ ወይም ስክሪንሾት መላክ እፈልጋለሁ። ምን ምን ላውጣ? ሁሉንም ካጠፋሁት ደግሞ ማንም ሊረዳኝ አይችልም።

መልስ፦ አያጥፉ፤ ይተኩ። አንዱ ስም በተገኘበት ቦታ ሁሉ በአንድ ምልክት ይተካ፦ «ተጠቃሚ-01»፣ «ተጠቃሚ-02»፣ «ሰርቨር-ሀ»። ስሞቹን ሁሉ በኮከብ ከሸፈኗቸው አንድ ሰው 30 ጊዜ መሳሳቱንና 30 ሰዎች አንድ አንድ ጊዜ መሳሳታቸውን አንባቢው ሊለይ አይችልም፤ የመጀመሪያው የረሳ ሰው፣ ሁለተኛው ጥቃት ሊሆን ይችላል። የራስዎን አድራሻዎች ለሰነድና ለምሳሌ በተከለሉት ይተኩ፤ እነሱም በ192.0.2፣ በ198.51.100 እና በ203.0.113 የሚጀምሩት ናቸው። የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ እርስዎ ጋ ያቆዩት፤ ባልደረባዎ «ተጠቃሚ-07 ምን ዓይነት ሥልጣን አለው?» ብሎ ሲጠይቅ ያስፈልግዎታል።

የማይነኩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የአጥቂው አድራሻ ነው፤ የሚካፈለው እሱ ነውና። ሁለተኛው ሰዓት ነው። በዩቲሲ ይጻፉት። የሰርቨሩ ሰዓት አራት ደቂቃ እንደሚዘገይ ካወቁ ያንንም ይጻፉ፤ የሁለት መሥሪያ ቤት ሎግ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የአራት ደቂቃ ልዩነት የቱ ቀድሞ እንደተከሰተ ይገለብጠዋል። ትክክለኛው ቀን ማንነትዎን የሚያጋልጥ ከሆነ ሁሉንም ሰዓት እኩል ያሸጋሽጉና ማሸጋሸግዎን ይናገሩ።

አድራሻና ስልክ ቁጥርን በሃሽ መተካት መደበቅ አይደለም። አይፒ ስሪት 4 በጠቅላላ 4,294,967,296 አድራሻዎች ብቻ አሉት፤ ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም አስልቶ የትኛው ከእርስዎ ሃሽ ጋር እንደሚገጥም ለማግኘት ብዙም አይቆይም።

ምስጢር የሚደበቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በድር አድራሻ ውስጥ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ የሚመጣው ክፍል የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክን ወይም ቶከንን (ምስጢራዊ የመግቢያ ኮድን) ሊይዝ ይችላል። «ኦተራይዜሽን» የሚለው ራስጌ «ቤዚክ» ከሚል ቃል ጋር ከመጣ ከኋላው ያለው ዝብርቅርቅ ፊደል ምስጢራዊ አይደለም፤ ቤዝ64 የተባለ የአጻጻፍ ስልት ብቻ ስለሆነ ማንም በቅጽበት ይፈታዋል። ከብራውዘር የሚወጣው የኔትወርክ ቅጂ (ኤችኤአር ፋይል) ደግሞ ኩኪዎችን (ድረ ገጹ መግባትዎን የሚያውቅባቸውን ምልክቶች) ከነነፍሳቸው ሊይዝ ይችላል። እሱን ያገኘ ሰው የይለፍ ቃልም ሁለተኛ ማረጋገጫም ሳይጠየቅ ክፍለ ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ በእርስዎ ስም ይገባል። ስለዚህ ኩኪዎቹን ከማውጣት በተጨማሪ ፋይሉን ካዘጋጁ በኋላ፣ ከመላክዎ በፊት፣ ከአካውንቱ ይውጡ።

ብዙዎች የማያስቡት አንድ ቦታ አለ፦ ያልተሳኩ መግቢያዎች የተጠቃሚ ስም። ሰዎች ቸኩለው የይለፍ ቃላቸውን በስም ቦታ ይጽፋሉ፣ ሎጉም እንዳለ ይመዘግበዋል። ከሁለት ሰኮንድ በኋላ በዚያው ኮምፒውተር የተሳካ መግቢያ ካለ ባለቤቱ ማን እንደሆነም ታወቀ። የማይታወቁ ስሞችን ሁሉ ያውጡ።

ስክሪንሾትን በተመለከተ ማደብዘዝ በቂ አይደለም፤ የደበዘዘ ጽሑፍ ሊመለስ ይችላል። ሙሉ ጥቁር ይሙሉበት። መቁረጥም ብቻውን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2023 በጎግል ፒክስል ስልኮችና በዊንዶውስ 11 የስክሪንሾት መሣሪያዎች ላይ በተገኘው ክፍተት የተቆረጠው የምስሉ ክፍል በፋይሉ ውስጥ ቀርቶ ይገኝ ነበር። በፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ በመዳፊት ተመርጦ ይቀዳል። ከተቻለ ሎጉን በተራ ጽሑፍ ይላኩ። ተቀባዩም ሊፈልግበት ይችላል፣ እርስዎም ከመላክዎ በፊት የመሥሪያ ቤትዎን ስም፣ የኢሜይል ምልክቱን፣ እንዲሁም ፓስወርድ፣ ቶከን፣ ኩኪና ሲክሬት የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልገው ቀሪ እንደሌለ ያረጋግጣሉ።

ጥያቄ፦ አጠራጣሪ የኢሜይል አባሪ ደረሰኝና ባልደረቦቼ እንዲያዩት ለቡድኑ ላክሁት። አንዱ አባል ሳያውቅ ከፈተው። ወደፊት እንዴት ልላክ?

መልስ፦ የከፈተው ሰው ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ይነጥል፤ አያጥፋው፣ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ (ራም) ላይ ያለው ማስረጃ ይጠፋል። የይለፍ ቃሎቹን ከሌላ ኮምፒውተር ይቀይር። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም ዛሬውኑ ይናገር።

ለወደፊቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚላከው ፋይሉ ሳይሆን ሃሹ ነው። በዊንዶውስ ፓወርሼል ጌት-ፋይልሃሽ የሚባለው ትዕዛዝ ሻ-256 ሃሽን ይሰጣል፤ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ፋይሎችን በብዙ ጸረ ቫይረሶች በሚፈትሸው ድረ ገጽ፣ በቫይረስቶታልም፣ ሃሹን ይፈልጉ እንጂ ፋይሉን ለመጫን አይቸኩሉ። የተጫነ ፋይል በክፍያ አገልግሎቱን ለሚጠቀሙ ሌሎች ይደርሳል፤ አባሪው የደንበኛ ስም ወይም ውል ከያዘ እርስዎ ራስዎ አወጡት ማለት ነው። ፋይሉ ለእናንተ ብቻ ተብሎ የተሠራ ከሆነ አጥቂው ሃሹ እዚያ መታየቱን ሲያይ እንደነቃችሁበት ያውቃል። በሌላ በኩል ሃሽ ፈልጎ ማጣት ፋይሉ ንጹሕ ነው አያሰኝም፤ አንድ ባይት ሲቀየር ሃሹ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል።

ፋይሉ ራሱ የግድ ከሆነ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ዚፕ ይላኩት። በሙያው የተለመደው የይለፍ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው «ኢንፌክትድ» ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ዓላማውም ምስጢር መጠበቅ አይደለም። የኢሜይል ማጣሪያው እንዳያጠፋውና ማንም በስሕተት ሁለቴ ነክቶ እንዳይከፍተው ነው። የዊንዶውስ የራሱ ዚፕ ማድረጊያ በይለፍ ቃል ስለማይቆልፍ ሰቨን-ዚፕን ወይም መሰሉን ይጠቀሙ። በተቆለፈ ዚፕ ውስጥም የፋይሎቹ ስም ሳይከፈት ይታያል፤ ስሙ ደንበኛን የሚጠቅስ ከሆነ አስቀድመው ይቀይሩት።

ሊንክን ደግሞ ይስበሩት፦ በ«ኤችቲቲፒ» ውስጥ ያሉትን ሁለት «ቲ» በ«ኤክስ» ይተኩ፣ ነጥቦቹንም በአራት ማዕዘን ቅንፍ ይክበቡ። ይህ ከስሕተት ንክኪ ብቻ አይጠብቅም። ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎች ቅድመ እይታ ለማሳየት ሊንኩን ራሳቸው ይከፍቱታል፤ ያ ጉብኝት በአጥቂው ሰርቨር ላይ ይመዘገባል። አጠራጣሪ ኢሜይል ሲልኩ «ፎርዋርድ» አያድርጉ። ዋናውን መልእክት እንደ ፋይል አያይዘው ይላኩ፤ በፎርዋርድ መልእክቱ በየትኞቹ ሰርቨሮች እንዳለፈ የሚያሳየው ራስጌ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ኃላፊዎቻችን «ጥቃት ደረሰብን ብላችሁ ውጭ እንዳታወሩ» ይላሉ። ባልደረቦቼን ማስጠንቀቅ ግን ግዴታዬ ይመስለኛል። መካከለኛ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ የሚበጀው ግን ጥቃቱ ሳይደርስ ነው። ጥቃት በደረሰበት ሌሊት ኃላፊን ፈቃድ መጠየቅ «አይሆንም» የሚል መልስ መጠየቅ ነው። ዛሬ በሰላሙ ጊዜ አንድ ገጽ ጽፈው ያስፈርሙ። በሦስት ይከፋፈል፦ ሳይጠየቅ የሚካፈል (የአጥቂ አድራሻ፣ ሃሽ፣ የፊሺንግ (የማታለያ) መልእክቱ አጻጻፍ፣ የማጥቃቱ መንገድ)፤ በኃላፊ ፈቃድ የሚካፈል (የተጎዳው የሥርዓት ዓይነት፣ የቆየበት ጊዜ)፤ ከቶ የማይካፈል (የደንበኛ መረጃ፣ የውስጥ ኔትወርክ ንድፍ፣ ገና ያልተዘጋ ክፍተት)። ኃላፊዎች የሚፈሩት የመሥሪያ ቤቱ ስም እንዳይነሣ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ስሙ የለም።

መልእክቱ እስከ ምን ድረስ ይሂድ የሚለውን ለመወሰን የትራፊክ መብራት ደንብ (ቲኤልፒ) አለ። ፈርስት የተባለው ዓለም አቀፍ የአደጋ ምላሽ ቡድኖች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ስሪት 2.0 እንዲህ ይላል። ቀይ ከተባለ መረጃው ከደረሰው ግለሰብ አያልፍም። ቢጫ ከሆነ ተቀባዩ ለመሥሪያ ቤቱና ለደንበኞቹ፣ ማወቅ ለሚያስፈልጋቸው ብቻ ይነግራል፤ «ቢጫ ጥብቅ» ከተባለ ደንበኞችም ይወጣሉ። አረንጓዴ በሙያ ማኅበረሰቡ ውስጥ ይዘዋወራል፣ ለሕዝብ ግን አይለጠፍም። «ክሊር» ገደብ የለውም። ምልክቱ በኢሜይሉ ርዕስ ላይም በጽሑፉ መጀመሪያም ይጻፍ።

ደንቡ የሚበላሸው ሁሉም ነገር ቀይ ሲባል ነው። ቀይ ማስጠንቀቂያ የደረሰው አስተዳዳሪ ፋየርዎሉን ለሚያስተካክለው ሠራተኛ እንኳ መንገር አይችልም፤ ስለዚህ ወይ ደንቡን ይጥሳል ወይ ዝም ይላል። አንዱን መልእክት ለሁለት መክፈል ይሻላል፦ የአጥቂው ምልክቶች በአረንጓዴ፣ በእናንተ ላይ የደረሰው ታሪክ በቢጫ ጥብቅ።

ጥያቄ፦ ጥቃት ሲደርስብን ከቡድኑ ጋር የምንነጋገረው በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ነው። አጥቂው ሊያነብበው ይችላል?

መልስ፦ ያነብበዋል ብላችሁ ሥሩ። ኢሜይል የያዘ አጥቂ ብዙ ጊዜ መልእክቶችን ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ ደንብ ይተክላል፤ የይለፍ ቃል ቢቀየርም ደንቡ እንዳለ ይቀራል። የየሰዉን የማስተላለፊያ ደንብ ፈትሹ። ለድንገተኛ ጊዜ የአባላትን ስልክ ቁጥር በወረቀት አትሙ፤ ከመሥሪያ ቤት አካውንት ጋር ያልተያያዘ ሌላ የመገናኛ መንገድም ይኑራችሁ። በዚያ መንገድ የመጣን ያልተለመደ ጥያቄ ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። ሥራ የለቀቀ አባልም በለቀቀበት ቀን ከቡድኑ ይውጣ። በቅያሜ አይደለም፤ የድሮ አካውንቱን የሚጠብቅለት ስለማይኖር ነው።

ጥያቄ፦ ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት አንድ ፕሮግራም ላይ የደህንነት ክፍተት አገኘሁ። መጀመሪያ ለባልደረቦቼ ነው ወይስ ለአምራቹ የምናገረው?

መልስ፦ ለአምራቹ። በድረ ገጹ ላይ «ዌል-ኖውን» በሚባለው ማውጫ ሥር የደህንነት አድራሻ የያዘ የጽሑፍ ፋይል ካለ ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ደረጃ መሠረት የመገናኛ አድራሻና የሚያበቃበት ቀን ሊኖሩት ይገባል። ሲጽፉ ትክክለኛውን የፕሮግራሙን ስሪት፣ ከአዲስ ጭነት ጀምሮ ክፍተቱ እስኪታይ ያሉትን እርምጃዎች፣ የሆነውንና መሆን የነበረበትን ያስቀምጡ። ሙከራዎን በራስዎ ቅጂ ላይ ብቻ ያድርጉ። የሌላ ሰው መረጃ አውጥቶ «እዩ» ማለት በጎ ሐሳብን ወደ ወንጀል ይለውጠዋል።

ጊዜ ይስጡ፣ ግን ቀን ይቁረጡ። ፕሮጀክት ዜሮ የተባለው የጎግል የክፍተት ፈላጊዎች ቡድን የሚሰጠው 90 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሞሪስ ዎርም ከተባለው በኔትወርክ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በኋላ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የሰርት ማስተባበሪያ ማዕከል ደግሞ ከመጀመሪያው ሪፖርት 45 ቀን በኋላ ይፋ የማድረግ ልማድ አለው። አምራቹ ዝም ካለ እንዲህ ያለ ማዕከል መካከል ሊገባ ይችላል።

እስከዚያ ለባልደረቦችዎ ምን ይንገሩ? መከላከያውን እንጂ ክፍተቱን አይንገሩ፦ «የዚህን ፕሮግራም መግቢያ ከኢንተርኔት አንሡና በቪፒኤን ብቻ ይሁን።» ክፍተቱን የማያውቅ ሰውም ይህን ማድረግ ይችላል። ማስተካከያው የወጣ ቀን ግን በፍጥነት ይናገሩ፤ አጥቂዎች አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አነጻጽረው ክፍተቱ የት እንደነበረ ያገኙታል። የስሪቱን ቁጥርም አይዝለሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በሎግፎርጄ (የጃቫ ፕሮግራሞች ሎግ የሚጽፉበት መሣሪያ) ላይ ለተገኘው ክፍተት የወጣው 2.15.0 በቂ ስላልሆነ በዚያው ወር 2.16.0፣ 2.17.0 እና 2.17.1 ተከታትለው ወጡ። «አዘምኑ» የሚል መልእክት ብቻ የደረሰው ሰው በመጀመሪያው ቆሞ ተጠበቅሁ ይላል። ከማዘመን በኋላ የሚቀር ሥራ ካለም ይጻፉት። እ.ኤ.አ. በ2014 በኦፕን ኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥር ሶፍትዌር) ላይ ለተገኘው ሃርትብሊድ ለተባለ ክፍተት ስሪት 1.0.1ጂን መጫን የግማሽ መንገድ ሥራ ነበር፤ የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍ አስቀድሞ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ቁልፉንና ሰርተፊኬቱን እንደ አዲስ ማውጣት፣ አሮጌውንም መሰረዝ ያስፈልግ ነበር።

ጥያቄ፦ በቡድናችን «የይለፍ ቃል በየ30 ቀኑ ይቀየር» የሚል ምክር እየተዘዋወረ ነው። ትክክል ነው?

መልስ፦ ጊዜው ያለፈበት ምክር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን ትቶ፣ መውጣቱ ሲታወቅ ወይም ሲጠረጠር ብቻ እንዲቀየር መክሯል። በየወሩ የተገደደ ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ይጨምራል፣ አጥቂውም ይህን ያውቃል። ይልቁንም የይለፍ ቃሉ ረዘም ያለ ይሁን፤ ሲመረጥም ቀድሞ ከወጡ የይለፍ ቃሎች ዝርዝር ጋር ይመሳከር። ሁለተኛ ማረጋገጫም ይኑረው። በአጭር የስልክ መልእክት ከሚመጣው ኮድ የመተግበሪያው ይሻላል፤ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ላይ ሊጻፍ የማይችለው፣ ከትክክለኛው ድረ ገጽ ጋር ብቻ የሚሠራው የፋይዶ ቁልፍ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በየወሩ እንሰበሰባለን፤ ነገር ግን ማንም በራሱ ላይ የደረሰውን አይናገርም። ዝምታውን እንዴት እንስበር?

መልስ፦ «ማን ጥቃት ደርሶበታል?» ብላችሁ አትጠይቁ። የዚህ ጥያቄ መልስ ኑዛዜ ስለሚመስል ሰው ዝም ይላል። መጀመሪያ ደንቡን በግልጽ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሚሠራበት የቻተም ሐውስ ደንብ ለዚህ ይመቻል፦ የተሰማውን መጠቀም ይቻላል፤ የተናገረው ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ፣ ማን ማን እንደተገኘም መግለጥ ግን ክልክል ነው። ለዚያ ስብሰባ ስልክና ቀረጻ ይቅር። በስሙ መናገር የማይፈልግ ሰው ታሪኩን ለአስተባባሪው አስቀድሞ ይስጥ፤ አስተባባሪው ስምና ቦታ አውጥቶ ያቅርበው።

አንድ ጉዳይ ለ90 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ለጊዜ ቅደም ተከተሉ ይሁን፦ በስንት ሰዓት ምን ታየ፣ ማን ምን አደረገ። በዚህ ክፍል «ለምን እንዲህ አላደረጋችሁም?» የሚል ጥያቄ ይከልከል። መጠየቅ ያለበት «በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ምን ይታይ ነበር?» ነው። መጨረሻውን ስታውቁት ግልጽ የሚመስለው ነገር በሰዓቱ ከመቶ ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች መካከል አንዱ ነበር፤ ያንን ካላያችሁ ቀጣዩን ጥቃት የምታዩበት መንገድ አታገኙም። ቀጥሎ ያለው 40 ደቂቃ እያንዳንዱ አባል «ይህ በእኛ ቢደርስ በየትኛው ሎግ ላይ፣ በምን ያህል ጊዜ እናየው ነበር?» ለሚለው መልስ የሚሰጥበት ነው። እዚህ ላይ ዝምታው ይሰበራል፤ ጥያቄው ስለ ባለታሪኩ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሁሉም ይሆናልና፣ «እኛ ጨርሶ አናየውም ነበር» የሚል ሰውም አይጠፋም።

የቀረው 30 ደቂቃ ለጽሑፍ ነው። ሁለት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ያውጡ፦ ምን እንደሚፈለግ፣ በየትኛው ሎግ፣ በየትኛው ስሪት እንደተፈተነ፣ ምን ሲታይ የሐሰት ምልክት እንደሚሆን፣ የቲኤልፒ ቀለሙና የሚከለስበት ቀን። ባለታሪኩ አንብቦ ሳይፈቅድ ገጹ ከክፍሉ አይውጣ።